ለደከመ ልብ የሚያደክም መድኃኒት ለምን ይታዘዛል?

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እና በሳምንት ቢያንስ አንዴ ሳይመጣ የማይቀር ጥያቄ አለ። ታካሚው ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ ያለችውን ወረቀት አውጥቶ አንብቧል፣ ወይ ልጁ ስልክ ላይ ፈልጎ አንብቦለታል፣ ከዛ መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ይሄ እኮ የልብ ምት ይቀንሳል፣ የልብን ጉልበት ያዳክማል ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ በሽታህ ልብ ድካም ነው ተብያለሁ፣ የደከመን ልብ ጭራሽ ያደክሙታል እንዴ?» ይላል። ብዙዎቹ ይሄን የሚሉት ተቆጥተው ሳይሆን ፈርተው ነው። ጥያቄውም ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ የልብ ሐኪሞች ራሳቸው በዚሁ ምክንያት ይሄን ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ለልብ ድካም በሽተኛ መስጠት ክልክል ነው ብለው ለብዙ ዓመት ሲያስተምሩ ነበር።

እናቴም በዚሁ ነው ያቆመችው። ካርቬዲሎል የሚባለውን፣ ከነዚሁ መድኃኒቶች አንዱን፣ ጀምራ ሁለት ሳምንት ሲሆናት ሰውነቷ ዛለ፣ ደረጃ መውጣት ከበዳት፣ ጎረቤት ደግሞ «ያ መድኃኒት ነው ልብሽን የሚያደክመው» አለቻት፣ ያዘዘላት ሐኪም ወረፋው በዝቶበት ነው መሰለኝ አወሳሰዱን እንጂ ለምን እንደምትወስደው አልነገራትም፣ እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ ሌላ ከተማ፣ እና ለማንም ሳትናገር አቆመች። ከሶስት ሳምንት በኋላ ቤት ስመጣ ሶስት ትራስ ደራርባ ተደግፋ ነው የምትተኛው፣ ጋደም ስትል ትንፋሿ ይቆረጣል። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ፣ ልክ ሊጥ ላይ ጣት እንደመጫን፣ ተመልሶ እስኪሞላ ቆጠርኩ፣ ከሀያ አለፈ። «ድካሙ እኮ ለቀቀኝ፣ እግሬ ብቻ ነው» አለችኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ይሄን ነገር በደንብ ለመረዳት የፈለኩት፣ እና የተረዳሁትን እዚህ ልዘረዝረው ነው፣ ምክንያቱም በየቤቱ በዚሁ አይነት የሚቆም መድኃኒት ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። አማርኛ ላይ «ልብ ድካም» ሁለት በሽታ ነው። አንዱ የልብ ደም ስር በድንገት ተዘግቶ ሰው ደረቱን ይዞ የሚወድቅበት ነው፣ «በልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። ሌላው ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ቀስ እያለ ሲወርድ የሚመጣው ነው፣ እግር የሚያብጥበት፣ ትራስ የሚደራረብበት። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። እና «ድካም» ሲባል የኛ ሰው ሀሳቡ ወዲያው የሚሄደው ወደ ማበርታት ነው አይደል፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ «ጉልኮስ ይሰቀልልኝ»፣ «የሚያበረታ መርፌ የለም ወይ»። ሐኪሞቹም እንደዚሁ አስበው ነበር፣ ለዛውም ዋጋ አስከፍሏል፣ እመጣበታለሁ።

የልብ ጡንቻ የሚጨመቀው በካልሲየም ነው። የኤሌክትሪኩ ምልክት ወደ አንዷ ሴል ሲደርስ ከውጪ ትንሽ ካልሲየም በበሩ ይገባል፣ ያ ትንሹ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጎተራ ይከፍተዋል፣ ከዛ ካልሲየሙ ሴሉን ያጥለቀልቀዋል፣ የጡንቻው ክሮች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ልብ ይጨመቃል። ቀጥሎ ካልሲየሙ ተለቅሞ ወደ ጎተራው መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ ልብ አያርፍም፣ ካላረፈ ደም አይሞላም፣ ያልተሞላ ደግሞ ምን ሊገፋ ነው። እና ልብ ብላችሁ አስተውሉ፣ መልቀሙ ራሱ ኃይል ይበላል። ማረፍም ስራ ነው ማለት ነው። ይሄ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ስለ ልብ መድኃኒት የሚወራው ነገር አብዛኛው ተጨምቆ ተጨምቆ እዚህ ይደርሳል፦ ምን ያህል ካልሲየም ገባ፣ ምን ያህል ቶሎ ተለቀመ፣ ለዛስ ስንት ኃይል ተከፈለ።

የካልሲየሙ ነገር የታወቀው በስህተት ነው። 1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም የእንቁራሪት ልብ እያወጣ ጨው ውሃ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ ልቡም ቁጭ ብሎ ለሰዓታት ይመታል። በኋላ ያንኑ ሙከራ ሲደግመው ልቡ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ነገሩ ሲጣራ መጀመሪያ ላይ ረዳቱ በተጣራ ውሃ ፈንታ የቧንቧ ውሃ ነበር የተጠቀመው፣ የለንደን ቧንቧ ውሃ ደግሞ ካልሲየም አለው። ዛሬ ሆስፒታል ስንገባ የሚሰቀልልን «ሪንገር» የሚባለው ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰውዬ ነው፣ አሁንም ውስጡ ካልሲየም አለበት።

ከዛ ደግሞ የሰውነት የራሱ ኬሚካሎች አሉ። 1921 ኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ኦቶ ሌዊ የሚባል ሳይንቲስት ሌሊት ሙከራ በህልሙ ያያል፣ ብድግ ብሎ ወረቀት ላይ ይጭርና ይተኛል፣ ጠዋት ሲነሳ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በነጋታው ሌሊት ያው ህልም ተመልሶ መጣለት፣ ያን ጊዜ አልተኛም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላብራቶሪ ነው የሄደው። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን አዘጋጀ፣ የአንዱን ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ሲነካው ምቱ ቀነሰ፣ ከዛ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ሁለተኛው ላይ ሲጨምረው፣ ምንም ነርቭ ሳይነካ ሁለተኛውም ቀነሰ። ነርቭ ልብን የሚያዘው በኬሚካል ነው ማለት ነው። በኋላ ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፣ ሰውዬውም 1936 ኖቤል ተሸለመበት።

እና ልብ እንደ ፈረስ ሁለት ነገር ነው ያለው፣ ልጓም እና አለንጋ። ልጓሙ አሴቲልኮሊን ነው፣ ተቀምጠን ምግብ ስንበላ፣ ስንተኛ የሚሰራው እሱ ነው። አለንጋው አድሬናሊን እና ወንድሙ ኖርአድሬናሊን ናቸው። እነዚህ የልብ ሴል ላይ ቤታ ሪሴፕተር የሚባለው ላይ ሲያርፉ የካልሲየሙ በር በሰፊው ይከፈታል፣ ልቀማውም ይፈጥናል፣ ስለዚህ ልብ ጠንክሮም ፈጥኖም ይመታል። ጅብ ቢያባርራችሁ የሚያስመልጣችሁ ይሄ ነው።

አለንጋው ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ግን በአንድ ቀን የሚታይበት በሽታ አለ። 1990 ላይ ጃፓኖች የገለጹት ነው፣ ታኮትሱቦ ይሉታል፣ በነሱ አገር ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት እንስራ ስም ነው፣ ልቡ ጫፉ ተነፍቶ አንገቱ ጠቦ ያንን እንስራ ስለሚመስል። ትልቅ ድንጋጤ ወይ ሐዘን የደረሰባት ሴት፣ አብዛኛው ዕድሜዋ ገፋ ያለች ሴት ላይ ነው የሚታየው፣ በድንገት ደረቷን ይይዛታል፣ ደም ስሯ ሲታይ ክፍት ነው፣ ጡንቻው ግን በአድሬናሊን ጎርፍ ደንዝዞ መጨመቅ አቁሟል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፣ የሚሞቱም አሉ። ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ መርዶ ነው። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ የሚረዳው ሰው መሐል ተቀምጦ ነው የሚነገረው፣ ዲሲ እና ቴላቪቭ ያሉትም ቢሆኑ ሰው መኪና እየነዳ ወይ ስራ ላይ ሆኖ በስልክ አይነግሩትም፣ ጓደኞቹ ተጠራርተው ቤቱ ነው የሚሄዱት። አባቶቻችን አድሬናሊን የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፣ ድንጋጤ ልብ እንደሚመታ ግን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ እናቴ እግር ልመለስ። ልብ የመግፋት አቅሙ ሲወርድ ኩላሊትና አንጎል የሚደርሳቸው ደም ያንሳል። ሰውነት ደግሞ ልብ ታመመ ብሎ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ደም አነሰኝ፣ ስለዚህ የቆሰለ ሰው ላይ የሚያደርገውን ያደርጋል፦ አድሬናሊኑን ይለቃል፣ ደም ስሩን ያጠባል፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዳይለቅ ያዛል። ለቆሰለ ሰው ለጥቂት ሰዓት ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው። ልቡ ለታመመ ሰው ግን ወር ዓመት ሙሉ ሲቀጥል ውሃው እግር ላይና ሳንባ ላይ ይከማቻል፣ የጠበበው ደም ስር ልብ የሚገፋበትን ዳገት ያቆመዋል፣ አለንጋውም ሌት ተቀን አያርፍም።

ስለዚህ የደከመው ልብ ማነቃቂያ አላነሰውም፣ በዝቶበት ነው ያለው። ይሄ ነው ዋናው ነገር። 1984 ላይ የወጣ ጥናት ደማቸው ውስጥ ኖርአድሬናሊን የበዛባቸው የልብ ድካም በሽተኞች ቶሎ እንደሚሞቱ አሳየ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ፣ 1982 ማለት ነው፣ ልብ ንቅለ ተከላ ሲደረግ የወጡትን የታመሙ ልቦች ሲመረምሩ ቤታ ሪሴፕተራቸው ከጤነኛው ልብ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ልብ ጩኸቱ ሲበዛበት ጆሮውን ደፍኗል። እንጦጦ ዳገት ላይ ጭነት የከበዳት አህያ በዱላ ብትመቷት ሶስት እርምጃ ትራመዳለች፣ አራተኛው ላይ ትወድቃለች።

ሐኪሞች ግን ያኔ ዱላውን ነበር የሚፈልጉት፣ እና በጎ አስበው ነው። 1980ዎቹ ውስጥ የልብን ጭምቀት የሚያጠነክሩ ክኒኖች ተሰሩ፣ ከነሱ አንዱ ሚልሪኖን ነው። በሽተኛ ሲወስደው ለጊዜው ይሻለዋል፣ ልቡም ሲለካ ጠንክሮ ይገፋል። 1991 ላይ ውጤቱ የወጣው ጥናት ከ1 ሺህ የሚበልጡ ከባድ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎችን ነበር የያዘው፣ ግማሾቹ ሚልሪኖን ግማሾቹ ባዶ ክኒን፣ እና ሚልሪኖን በወሰዱት ላይ ሞት በ28 ፐርሰንት ጨመረ። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። እኔ ይሄን ቁጥር ለሰው ስነግር ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ሁላችንም ብንሆን ያንን ክኒን ነበር የምንመርጠው።

በሌላ በኩል ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ ጥቂት ሐኪሞች ተቃራኒውን እየሞከሩ ነበር። ቤታ ብሎከር፣ ማለት አድሬናሊን የሚያርፍበትን ቦታ የሚይዝ መድኃኒት፣ የተሰራው ለሌላ ነገር ነው፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ 1960ዎቹ ውስጥ ፕሮፕራኖሎልን ያወጣው ለደረት ውጋት በሽተኞች ነበር፣ 1988 ኖቤል ያስገኙለት ስራዎች ውስጥ አንዱ ነው። ለልብ ድካም መስጠት ግን እንደ እብደት ይታይ ነበር። ስዊድኖቹ 1975 ላይ በ7 በሽተኞች ላይ ያዩትን አወጡ፣ ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ልባቸው ይሻሻላል አሉ። ማንም አላመናቸውም ማለት ይቻላል፣ ሀያ ዓመት በላይ ፈጀ። 1999 ላይ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ፣ አንዱ በቢሶፕሮሎል ከ2,600 በላይ ሰው፣ ሌላው በሜቶፕሮሎል ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ሁለቱም ላይ ሞት በ34 ፐርሰንት ቀነሰ። ልብን የሚያዳክመው መድኃኒት ሰዉን አተረፈው፣ የሚያበረታው ገደለው።

እንዴት? አንደኛ ልብ ሲረጋጋ ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ነው፣ ሌላው የሰውነት ክፍል ደም የሚያገኘው ልብ ሲጨመቅ ነው፣ ትልቁ የግራ ክፍል ግን ራሱ ደም የሚደርሰው አብዛኛው ሲያርፍ ነው፣ ሲጨመቅማ የራሱን ደም ስር ጨምቆ ይዘጋዋል። በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ከእያንዳንዷ ምት ሁለት ሶስተኛው ገደማ እረፍት ነው፣ ምቱ 120 ሲገባ የሚጠፋው በዋናነት ያ እረፍት ነው። ሌላው የካልሲየሙ ጎርፍ ሲቀንስ ሴሎቹ በቁማቸው መሞታቸው ይቀንሳል፣ የደፈኑትንም ጆሮ ቀስ እያሉ ይከፍታሉ። ይሄ ሁሉ ግን ወራት ይፈልጋል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሚሰማው ድካም እውነት ነው፣ እናቴ አልዋሸችም፣ ልብ ለምዶት የነበረው አለንጋ ሲቀነስበት ለጊዜው ይንገዳገዳል። ለዛ ነው ከጥቂቱ የሚጀመረው፣ ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይጀመርና በየሁለት ሳምንቱ እየታየ እጥፍ እየሆነ ወደ 25 ይሄዳል፣ ውሃው ላሲክስ በሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ከወረደ በኋላ ነው ደግሞ እንጂ ሰው ታፍኖ እያለ አይጀመርም። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ስትጀምር 6.25ቱን ክኒን በምላጭ ለሁለት እየከፈልኩ በትንሽዬ ብልቃጥ አስቀምጥላት ነበር። ኢኮ ላይ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ልቧ በአንድ ምት የሚገፋው ከያዘው ደም 25 ፐርሰንቱን ነበር፣ በዓመቱ 45 ሆነ። ጤነኛ ልብም እኮ የያዘውን ሁሉ አይገፋም፣ ከ55 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው።

ዛሬ የዚህ አይነት ልብ ድካም ላይ ዕድሜ እንደሚያረዝሙ በደንብ የተረጋገጠላቸው አራት ወገን መድኃኒቶች አሉ፣ ቤታ ብሎከር፣ እነ ኢናላፕሪል፣ እነ ስፓይሮኖላክቶን፣ እና ለስኳር ተብለው የወጡት እነ ዳፓግሊፍሎዚን። አንዳቸውም ልብን በቀጥታ አያበረቱም። ሁሉም የሰውነትን ጩኸት ነው የሚቀንሱት ወይ ሸክሙን ነው የሚያቀሉት።

አለንጋው የሚያስፈልግበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። አይሲዩ ውስጥ ግፊቱ ወርዶ የተዘረረ ሰው አድሬናሊን፣ ኖርአድሬናሊን፣ ዶብዩታሚን በጠብታ ይሰጠዋል፣ ያ ሰው ዛሬን ካልተሻገረ ነገ የለውም። ለሰዓታት ነው፣ ለቀናት ነው፣ ከዛ ይቀነሳል።

ዲጎክሲንን ለብቻው ያመጣሁት ታሪኩ ወደኛ አፈር ስለሚደርስ ነው። አሁን ላይ የልብን ጭምቀት የሚያጠነክር ሆኖ በክኒን በየቤቱ የሚወሰድ እሱ ነው ማለት ይቻላል፣ እኛ አገር ደግሞ በልጅነት ጉሮሮ ሕመም የተነሳ የልብ ቫልቭ የተበላሸባቸው ብዙ ወጣቶች ስላሉ በደንብ ይታዘዛል። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊዘሪንግ ሰውነቱ ላበጠ ሰው መድኃኒት የምታዘጋጅ አንዲት ሴት ከሀያ ምናምን ቅጠል ከምትቀምመው ውስጥ የሚሰራው ዲጂታሊስ የሚባለው ቅጠል መሆኑን ለይቶ 1785 ላይ የጻፈው ነው መነሻው። የዚህ ቅጠል ዘመድ ኬሚካል ግን እኛ ጋር ምረንዝ ውስጥ አለ። ምረንዝ ቆላውና ወይና ደጋው ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ እንጨቱና ስሩ ተቀቅሎ ጠቁሮ እንደ ቅጥራን ሲሆን ቀስት ላይ ይቀባል፣ በምስራቅ አፍሪካ ዝሆን የሚጥል መርዝ ነው። ውስጡ ያለው ኡዋባይን ይባላል፣ ስሙን ፈረንሳዮች የወሰዱት ሶማሊዎች ለቀስት መርዝ ካላቸው «ዋባዮ» ከሚለው ቃል ነው። እኛም አገር የሚኖር አንድ ጸጉራም አይጥ አለ፣ የዚህን ዛፍ ልጣጭ አኝኮ ጎኑ ላይ ያለው ጸጉር ላይ ይቀባዋል፣ ነክሶት የተረፈ ውሻ ካለ ሁለተኛ አይጠጋውም። አይጡ ራሱ ለምን እንደማይሞት ገና በደንብ አልተፈታም።

መርዙም መድኃኒቱም የሚሰሩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሴሉ ሶዲየም ወደ ውጪ ፖታሲየም ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፓምፕ አለው፣ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ 1957 ያገኘው። ዲጎክሲን ያንን ፓምፕ ያንቀዋል፣ ሶዲየም ውስጥ ይከማቻል፣ ሶዲየም ሲከማች ካልሲየም እንደልቡ መውጣት አይችልም፣ እና ጭምቀቱ ይጠነክራል። በጥቂቱ ሲሆን መድኃኒት ነው፣ በጥቂቱ ሲጨምር ደግሞ ልቡ ስርዓት አጥቶ ይንቀጠቀጣል። መሐላቸው ያለው ርቀት እንደሌሎች መድኃኒቶች ሰፊ አይደለም። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ቢጫ ቢጫ ሆኖ መታየት ምልክቶቹ ናቸው፣ በተለይ ሽማግሌ ሰው ላይ «እህል አስጠላኝ» ካለ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

እና እዚህ ጋር ነው ፋርማሲ ውስጥ ሆኜ በጣም የምሰጋው። ላሲክስ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ ፓምፑ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ሰውየው ያችኑ አንድ ክኒን እየወሰደ ይመረዛል። ተቅማጥና ትውከት ሲመጣም እንደዛው። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ዲጎክሲን ያበዛል፣ ሰው ለሳል ብሎ ያለማዘዣ ይገዛዋል፣ ዲጎክሲን እንደሚወስድ አይናገርም፣ እኛም አንዳንዴ አንጠይቅም። መጠየቅ አለብን።

ዲጎክሲን ላይ 1997 የወጣው ትልቁ ጥናት 6,800 ሰው ነበረው፣ ሞት አልቀነሰም አልጨመረም፣ ሆስፒታል መተኛት ግን ቀንሷል። የቅርብ ዘመዱ ዲጂቶክሲን ላይ ደግሞ 2025 ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከሰርቢያ የወጣ ጥናት አለ፣ ከ1,200 በላይ በሽተኞች ነበሩበት፣ ሞት ወይም በልብ ድካም መተኛት ባዶ ክኒን በወሰዱት ላይ 44.1 ፐርሰንት ሲሆን በሌሎቹ መድኃኒቶች ላይ ተጨምሮ በአነስተኛ መጠን በተሰጣቸው ላይ ወደ 39.5 ወርዷል። ከ240 ዓመት በኋላ ያችው ቅጠል ማለት ነው። በአነስተኛ መጠን መሆኑን ግን አስምሩበት፣ ያን ጥቅም ያገኘው እንደ ዱላ ስለተሰጠ አይመስለኝም።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ራሴን አልወደውም። ካቲኖን የሚባለው ዋናው ነገሩ 1975 በተባበሩት መንግስታት ላብራቶሪ የተለየ ነው፣ የአምፌታሚን ዘመድ፣ ነርቭ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይፈርሳል፣ አወዳይ ተቆርጦ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ አይሱዙው እንደዛ ነፍሱን ስቶ የሚበረው ለዚህ ነው። ለጤነኛ ወጣት ልብ ምርቃናው ጥቂት ምት ጨምሮ ያልፍ ይሆናል። የደከመ ልብ ላይ ግን ጠዋት በቤታ ብሎከር ያወረዳችሁትን አለንጋ ከሰዓት በኋላ መልሶ ማንሳት ነው። በየመን የተሰሩ ጥናቶች ብዙ በሚቅሙ ሰዎች ላይ የልብ ደም ስር መዘጋት እንደሚበዛ አሳይተዋል። «እንቅልፍ ለማባረር ያህል ነው» የሚሉኝ ሾፌሮች አሉ፣ አልቆጣቸውም፣ ምቱን ቁጭ አድርጌ እቆጥርላቸዋለሁ፣ ቁጥሩን ራሳቸው ሲሰሙ ይሻላል።

ቡና ላይ ሰው ይፈራል፣ እኔ ያን ያህል አልፈራም፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ያሳለፈ ሰው ልቡ አይወድቅም፣ ምቱ የሚዘበራረቅበት ካለ ግን ራሱን ያዳምጥ። አረቄ በብዛትና ለዓመታት ግን የልብ ጡንቻን ራሱን ያላላል፣ ሲተውት የሚመለስም አለ። ዳይክሎፌናክ፣ ለወገብም ለጉልበትም የሚወጋው፣ ጨውና ውሃ ስለሚይዝ ልቡ የደከመ ሰው ላይ በቀናት ውስጥ እግር ያሳብጣል፣ ሲታዘዝላችሁ «የልብ ታማሚ ነኝ» በሉ። ቬራፓሚልም የካልሲየሙን በር ስለሚዘጋ ለደከመ ልብ አይሆንም። «እንግዲህ ማዳከም ጥሩ ከሆነ ሁሉም የሚያዳክም ጥሩ ነው» እንዳይባል ነው ይሄን ያልኩት፣ ቬራፓሚል ጭምቀቱን ይቀንሳል እንጂ የደም ውስጡን አድሬናሊን ጩኸት እንደ ቤታ ብሎከር አያስቆምም። የልብ ጡንቻቸው ከመጠን በላይ ወፍሮ ከመጠን በላይ ለሚጨመቅባቸው ሰዎች ደግሞ 2022 አሜሪካ ማቫካምተን የሚባል ተፈቅዷል፣ የጡንቻውን ሞተር ራሱን ቀነስ የሚያደርግ፣ እሱም በኢኮ እየተለካ ነው፣ ከ50 በታች ከወረደ ይቆማል።

ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ቤት ካለ ሁለት ነገር እወቁ። አንዱ በድንገት ማቆም ነው። ልብ ጆሮውን መክፈት ጀምሯል ብያችሁ የለ፣ መድኃኒቱ በአንዴ ሲቀር ያ ሁሉ አድሬናሊን በተከፈተ ጆሮ ላይ ነው የሚጮኸው፣ ምት ይዘበራረቃል፣ ደረት ይይዛል፣ ደም ስራቸው የጠበበባቸው ላይ ደግሞ የከፋ ይመጣል። ስለዚህ ድካሙ ከከበዳችሁ፣ አስም ካለባችሁና ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ምቱ ከ50 በታች ወርዶ ካዞራችሁ፣ ያዘዘውን ሰው ፈልጉና መጠኑን ይቀንስላችሁ። ፀበል የምትገቡም ከሆነ ክኒኑን ይዛችሁ ግቡ፣ ፆም ላይ ሰዓቱን ማስተካከል ስለሚቻል ጠይቁን፣ ጠዋትና ማታ ማድረግ አያቅትም።

ሁለተኛው የመጠኑ ነገር ነው፣ ሰሞኑን በጣም እያሳሰበኝ ያለ። መድኃኒት ሲጠፋ 6.25 የነበረው አይገኝም፣ 25 ብቻ ይገኛል፣ ካርቶኑ ያው ቀለም፣ ስሙ ያው ስም። ባለፈው ወር አንድ አባት ከሌላ ቦታ ገዝተው መጡ፣ ዞረባቸው፣ ግድግዳ ይዘው ነው የገቡት፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ምታቸውን ስቆጥር 44። «ያችኑ አንዷን ነው እኮ የምውጠው ልጄ» አሉኝ። አራት እጥፍ ነበር የሚውጡት። ካርቶኑ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ከበፊቱ ባዶ ካርቶን ጋር ያስተያያት፣ ባዶውን ካርቶን አትጣሉት።